ፎቶን በቦታው ለደንበኛ ለማሳየት ምን ዓይነት መሣሪያ ልግዛ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ የሰርግና የቤተሰብ ፎቶ የሚያነሱ ባልደረቦች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ሲሆኑ፣ መልሶቹ የተዘጋጁት ደንበኛው ቤት፣ መናፈሻና አዳራሽ ድረስ እየሄዱ ፎቶ ለሚያሳዩ ባለሙያዎች ነው።

የካሜራዬ ስክሪን ወይም ስልኬ አይበቃኝም?

በቀረጻ መሃል ለሙሽሪት አንድ ሁለት ፎቶ ለማሳየት የካሜራው ስክሪን ይበቃል። ሆኖም የአብዛኞቹ ካሜራዎች ስክሪን 3 ኢንች ገደማ ስለሆነ ለአንድ ሰው እንጂ ለሁለት አይመችም፤ በዚያ ስፋት ላይ ፎቶ ሁሉ ጥርት ያለ ስለሚመስልም ፎከሱ ዓይን ላይ ሳይሆን ጆሮ ላይ ማረፉ ሳይታወቅ ያልፋል። ስልክ ከዚህ ይሻላል፤ ነገር ግን ስልክዎ የግልዎ ነው። ደንበኛው በእጁ ይዞት ሳለ ጥሪ ይገባበታል፣ መልእክት ብቅ ይላል፣ የቤተሰብዎም ፎቶ እዚያው ውስጥ አለ።

ልዩነቱ ይበልጥ የሚታየው ተመልካች ሲበዛ ነው። እኛ ዘንድ የሰርግ ፎቶ የሚመርጡት ሙሽሮቹ ብቻ አይደሉም፤ እናት፣ እኅት፣ ሚዜ፣ አንዳንዴም ለአልበሙ የሚከፍለው አጎት ሶፋው ላይ ተደርድረው አብረው ያያሉ። ይህን ያህል ሰው በስልክ ዙሪያ ማሰባሰብ ማንንም አያስደስትም፤ ቢያንስ 10 ኢንች ያለው ስክሪን ያስፈልጋል።

ታብሌት ይሻላል ወይስ ላፕቶፕ?

ዋናው ሥራ ማሳየት ከሆነ ታብሌት ይሻላል። ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ገደማ ስለሆነ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ የቁም ፎቶ ሲመጣ ወደ ቁም ይዞራል፣ ቁልፉን ሲጫኑትም ወዲያው ይነሣል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደንበኛው በገዛ እጁ ይዞ፣ በጣቱ አጉልቶ ያየዋል። የሙሽሪት እናት ታብሌቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ በነጠላው ጥለት ላይ ጣታቸውን እያስኬዱ ሲያዩ ፎቶውን ከእርስዎ እጅ ወደ ራሳቸው እጅ ወስደውታል ማለት ነው። ላፕቶፕ ይህን አይሰጥም።

ላፕቶፕ የሚመረጠው ደንበኛው አጠገብ ተቀምጠው፣ ለአልበም የሚገባውን ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ምልክት እያደረጉ እዚያው ምርጫውን የሚጨርሱ ከሆነ ነው። እንዲህ ለሚሠራ ሰው ማይክሮሶፍት ሰርፌስ ፕሮ ጥሩ መካከለኛ አማራጭ ነው፤ እንደ ታብሌት ይያዛል፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይጭናል፣ ስክሪኑም እንደ ካሜራው ፎቶ 3 ለ 2 ነው። ርካሽ ላፕቶፕ ሲሆን ግን አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ ቲኤን በሚባለው የስክሪን ዓይነት የተሠሩት ፊት ለፊት ለተቀመጠው ሰው ደህና ሲያሳዩ፣ ከጎን ወይም ከላይ ለሚያየው ቀለሙን ያነጡበታል ወይም ያጠቁሩበታል። ሦስት ሰው ሶፋ ላይ ሲቀመጥ ሁለቱ ሌላ ፎቶ እያዩ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ከጎን ሲታዩም ቀለማቸውን ከሚጠብቁት የስክሪን ዓይነቶች፣ ከአይፒኤስ ወይም ከኦሌድ አንዱ መሆኑን ያረጋግጡ።

ስንት ኢንች ይሁን? የስክሪኑ ቅርጽስ ለውጥ ያመጣል?

ከ10 እስከ 11 ኢንች ያለው ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። 12 ወይም 13 ኢንች የሆነው ሲያሳዩበት እጅግ ደስ ይላል፤ ይሁን እንጂ ቆመው ለረጅም ጊዜ ሲይዙት ክንድ ያደክማል፣ ዋጋውም ይዘላል። በቀረጻ ቦታ ሳይሆን በደንበኛው ሳሎን ብቻ የሚያሳዩ ከሆነ ትልቁን ቢገዙ አይቆጩም።

ቅርጹ ከሚታሰበው በላይ ለውጥ ያመጣል። የብዙ ካሜራ ፎቶ 3 ለ 2 ነው። አግድም ፎቶ 16 ለ 10 በሆነ ስክሪን ላይ፣ ማለትም በአብዛኞቹ የአንድሮይድ ታብሌቶች ላይ፣ ከስክሪኑ 94 በመቶ ገደማ ይሞላል፤ 4 ለ 3 በሆነው፣ ማለትም በብዙ አይፓዶች ላይ፣ 89 በመቶ ገደማ፤ 16 ለ 9 በሆነ ላፕቶፕ ላይ 84 በመቶ ገደማ ይሞላል። እስከዚህ ድረስ ልዩነቱ ትንሽ ነው። የቁም ፎቶ ሲመጣና ስክሪኑ ሳይዞር ሲቀር ግን 4 ለ 3 የሆነው ግማሹን ሲሞላ 16 ለ 10 የሆነው 42 በመቶ፣ 16 ለ 9 የሆነው ላፕቶፕ ደግሞ 38 በመቶ ያህል ብቻ ይሞላል። ቬሎ የለበሰች ሙሽሪትን ከራስ እስከ እግር የምናነሳው በቁም ነውና፣ እንዲህ ያለ ፎቶ የሚያበዛ ባለሙያ ወደ 4 ለ 3 ወይም 3 ለ 2 ቢያደላ ይጠቀማል።

አይፓድ ልግዛ ወይስ አንድሮይድ?

ሁለቱም ይሠራሉ። የአይፓድ ጥቅሙ ከአንዱ ሞዴል ወደ ሌላው ቀለሙ ብዙ አለመለያየቱ ነው፤ የዛሬ አራት ዓመት የተሠራው እንኳ ፎቶን በታማኝነት ያሳያል። ጉድለቱ ሜሞሪ ካርድ የሚገባበት ቦታ ስለሌለው ሲገዙ የመረጡት የጂቢ መጠን እስከ መጨረሻው አብሮዎት መኖሩ ነው። ከሳምሰንግ በኩል እንደ ጋላክሲ ታብ ኤስ 9 ያሉት አሞሌድ የሚባለው የኦሌድ ዓይነት ስክሪን ስላላቸው ጥቁሩን በእውነት ጥቁር አድርገው ያሳያሉ፤ ማይክሮ ኤስዲም ይቀበላሉ። ነገር ግን ሳምሰንግ ከካርቶኑ ሲወጣ ቀለምን በሚያጋንነው ቪቪድ በሚባለው አሠራር ላይ ስለሚሆን ቀዩ ካባ ከእውነቱ በላይ ይቀላል፣ የፊት ቀለምም ብርቱካን ይሆናል። ከማንም ፊት ከማቅረብዎ በፊት በሴቲንግ ውስጥ ወደ ናቹራል ይለውጡት።

ከአይፓዶች መካከል የሚያመነቱ ከሆነ ይህን ያስቡ። ርካሹ መደበኛ አይፓድ፣ 9ኛውም ሆነ 10ኛው ትውልድ፣ መስታወቱና ስክሪኑ አልተጣበቁም፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ነጸብራቅን ያበዛል፣ ፎቶውም ከመስታወቱ በታች ጠለቅ ብሎ የተቀመጠ ይመስላል። አይፓድ ኤር ግን የተጣበቀ ስክሪንና ነጸብራቅ የሚቀንስ ቅብ አለው። በእኔ ግምት፣ በተመሳሳይ ገንዘብ አዲስ መደበኛ አይፓድ ወይም በደንብ የተያዘ ያገለገለ ኤር የሚገኝ ከሆነ ለእኛ ሥራ ኤሩ ይበልጣል። ስማቸው ያልታወቀ፣ ካርቶናቸው ላይ እጅግ ብዙ ጂቢ የተጻፈባቸው ርካሽ ታብሌቶች ግን ለልጅ ጨዋታ ካልሆነ በቀር አይመከሩም። የተጻፈው መጠን እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ስክሪናቸው ፎቶዎን ያዋርደዋል።

ስንት ጂቢ ያስፈልገኛል?

ከሚያስቡት ያነሰ። ታብሌቱ ማከማቻ ሳይሆን ማሳያ ነው። 24 ሜጋፒክስል የሆነ የሮው ፋይል፣ ማለትም ካሜራው ሳያስተካክል የሚጽፈው ጥሬ ፋይል፣ 25 ሜባ ገደማ ስለሚሆን 600 ፎቶ 15 ጂቢ ይበላል፤ እነዚያኑ ረጅም ጎናቸው 2560 ፒክስል በሆነ ጄፔግ፣ ማለትም በተለመደው የተጨመቀ የፎቶ ፋይል፣ ቢያወጧቸው እያንዳንዱ ከ1 እስከ 2 ሜባ ስለሚሆን ሁሉም በ1 ጂቢ አካባቢ ይጠቃለላሉ። በዚህ መጠን የወጣ ፎቶ በ11 ኢንች ስክሪን ላይ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ሲገላበጥም አይዘገይም። ደንበኞችዎ ጥልፍና ጌጥ እያጎሉ የሚመለከቱ ከሆነ ረጅም ጎኑን 4000 ፒክስል ማድረግ ይቻላል። 64 ጂቢ ይበቃል፤ ቪዲዮም የሚያሳይ ሰው 128 ወይም 256 ይምረጥ።

ሱቅ ውስጥ ሆኜ ስክሪኑን በምን ልፈትሸው?

በራስዎ ፎቶ። ሻጩ የሚከፍትልዎት የአበባና የባሕር ዳርቻ ፎቶ ማንኛውንም ስክሪን እንዲያምር ታስቦ የተዘጋጀ ነው። እርስዎ ግን አምስት ፎቶ በፍላሽ ወይም በሜሞሪ ይዘው ይሂዱ። የመጀመሪያው በጠራራ ፀሐይ የተነሳ ነጭ ነጠላ ይሁን፤ ጥሩ ስክሪን የሽመናውን ክርና እጥፋቱን ይለያል፣ መጥፎው አንድ ነጭ ሰሌዳ ያደርገዋል። ሁለተኛው በሥርዓተ ተክሊል ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በደብዛዛ ብርሃን የተነሳ የጠይም ሰው ፊት ይሁን። ጉንጭና አንገት የሚገናኙበትን ጥላ ይመልከቱ፤ እዚያ ላይ ቆዳው በቀስታ እየጠቆረ መሄድ አለበት እንጂ በድንገት ወደ ጥቁር መውደቅ ወይም በእርከን መቆራረጥ የለበትም። የሰዎቻችን መልክ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ይህን ፈተና ያላለፈ ስክሪን ሌላው ሁሉ ቢያምር አይግዙ።

ሦስተኛው ወርቃማ ጥልፍ ያለው ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ካባ ይሁን፤ ጨርቁ ከጥቁርነቱ ውስጥ የራሱን እጥፋት ማሳየት አለበት። አራተኛው ጥቅጥቅ ያለ ጥለት የሚታይበት የሐበሻ ቀሚስ ሲሆን፣ የስክሪኑ ጥራት አነስተኛ ከሆነ ጥለቱ ላይ በልብሱ ላይ የሌለ ሞገድ የመሰለ መስመር ይታያል። አምስተኛው ወረቀት ላይ አሳትመው ይዘውት የሄዱት ፎቶ ይሁን፤ ወረቀቱን ከስክሪኑ አጠገብ አድርገው ያስተያዩ።

ከዚያ ታብሌቱን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራና ወደታች ያዘንብሉት፤ ቀለሙ እንዳለ መቆየት አለበት። ከሱቁ ደጃፍም ወጥተው በቀን ብርሃን እንዲያዩት ይጠይቁ። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመዎት ሌላ ሱቅ አለ።

ያገለገለ መግዛት ያዋጣል?

ያዋጣል፣ ጥንቃቄ ከተደረገ። አይፓድ ከሆነ ሻጩ ከአካውንቱ ወጥቶ፣ ሁሉንም አጥፍቶ፣ ከመጀመሪያው የማስጀመሪያ ገጽ ተነስቶ እስከ ዋናው ገጽ ድረስ እፊትዎ ያድርስልዎት። በአይክላውድ የተቆለፈ አይፓድ የቀድሞ ባለቤቱ ካልከፈተው በቀር ጥቅም የለውም፤ «በኋላ እናስከፍተዋለን» የሚል ቃል ገንዘብዎን አይመልስም። በአንድሮይድም የቀድሞው ሰው የጉግል አካውንት አለመቅረቱን በዚሁ መንገድ ያረጋግጡ።

ከዚያ ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ግራጫና ሙሉ ጥቁር ምስል ይክፈቱ። በነጩ ላይ ቢጫ የሆነ ጥግ፣ በግራጫው ላይ የድሮ ምልክቶች ጥላ፣ በጥቁሩ ላይ የሚያበራ ነጥብ ካዩ ይተዉት። የድሮ ምልክት ጥላ ይበልጥ የሚገኘው በአሞሌድ ስክሪኖች ላይ ነው። ባትሪውን ለመፈተሽ ሙሉ ድምቀት ላይ አድርገው 20 ደቂቃ ቪዲዮ ያጫውቱ፤ ከ10 በመቶ በላይ ከወረደ ባትሪው ደክሟል ብለው ይገምቱ።

ውጪ ፀሐይ ላይ ምንም አይታይም፤ ምን ዓይነት ልግዛ?

ችግሩን መሣሪያ ብቻውን አይፈታውም። የድምቀት መለኪያው ኒት ይባላል፤ መደበኛው አይፓድም ኤሩም 500 ኒት አካባቢ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው አይፓድ ፕሮ 1000 ኒት ይደርሳል። እጥፍ ነው፤ ያም ሆኖ ቀጥተኛ የእኩለ ቀን ፀሐይ ሁለቱንም ያሸንፋቸዋል። ስለዚህ ብዙ ውጪ የሚያሳይ ባለሙያ የተጣበቀ ስክሪንና ነጸብራቅ የሚቀንስ ቅብ ላይ ገንዘቡን ያውል፤ የቀረውን በአቋቋም ይፍታው።

በእንጦጦ ፓርክም ሆነ በወዳጅነት መናፈሻ ዛፍ ይገኛል፤ ደንበኛውን ከዛፉ ጥላ ሥር ያቁሙት፣ ጀርባውንም ወደ ብሩህ ሰማይ ሳይሆን ወደ ጠቆረው ቅጠል ያድርጉት፤ በስክሪኑ ላይ የሚንጸባረቀው ከተመልካቹ ጀርባ ያለው ነገር ነውና ከጀርባው የጠቆረ ነገር ይኑር። በዚሁ ምክንያት እርስዎ ጥቁር ልብስ ለብሰው ከደንበኛው ጋር ጎን ለጎን ቢቆሙ ይረዳል። ደንበኛው የፀሐይ መነጽር ካደረገ እንዲያወልቅ በትሕትና ይጠይቁት፤ ፖላራይዝድ የሆነ መነጽር አንዳንድ ስክሪኖችን በአንድ አቅጣጫ ሲያዙ ፈጽሞ ያጠቁራቸዋል። ግላስ ሲያስለጥፉም አስቀያሚ ጸዳል ያለውን ርካሽ አይምረጡ። ማት የሚባለው ግላስ ነጸብራቁን ይቀንሳል፣ ግን ፎቶውን በትንሹ ያደበዝዛል፤ እኔ ለማሳያ ታብሌት አልጠቀምበትም።

መብራት ቢጠፋ፣ ቦታው ሙቀት ቢሆንስ?

ደህና ባትሪ ያለው ታብሌት ለአንድ ቀን ቀረጻ ይበቃል፤ ሆኖም ሙሉ ድምቀት ላይ ሲሆን አምራቹ ከሚለው ሰዓት በታች እንደሚቆይ ያስቡ። 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሆነ ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሚይዝ የ11 ኢንች ታብሌትን ሁለት ጊዜ ያህል ይሞላል። ለሥራ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ሐዋሳ በአውሮፕላን ሲሄዱ ፓወር ባንኩ በእጅ ሻንጣ እንጂ ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ መግባት የለበትም፤ 100 ዋት ሰዓት ድረስ ያለው በእጅ ይፈቀዳል።

አፕል አይፓድ እንዲሠራበት የሚመክረው የሙቀት መጠን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ነው። ድሬዳዋ፣ ሰመራ ወይም ጋምቤላ ለሚሠራ፣ እንዲሁም በዱባይና በሪያድ ያሉ ወገኖቻችንን ሰርግ ለሚያነሳ ባለሙያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሲሞቅ ስክሪኑ በራሱ ድምቀቱን ይቀንሳል፣ ከዚያም ማስጠንቀቂያ አሳይቶ መሥራት ያቆማል። በተዘጋ መኪና ውስጥ አይተዉት፤ ከጥቁር ቦርሳ ይልቅ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው በጥላ ያኑሩት።

የተነሳውን ፎቶ ወዲያው ታብሌቱ ላይ እንዴት ላግኘው?

አስተማማኙ መንገድ ካርድ ሪደር ነው። ታይፕ ሲ ያለው ታብሌት ተራ ካርድ ሪደር ይቀበላል፤ ላይትኒንግ የሚባለው የአፕል የድሮ መሰኪያ ያላቸው የቀድሞ አይፓዶች የራሳቸውን ሪደር ይፈልጋሉ። ካሜራዎ ሮውንና ጄፔግን አብሮ እንዲጽፍ አድርገው ጄፔጎቹን ብቻ ቢገለብጡ ጊዜ ይቆጥባሉ። ሁለት የካርድ ቦታ ያለው ካሜራ ከሆነ ሮው ወደ አንዱ፣ ጄፔግ ወደ ሌላው ይሂድ። ዋናው ካርድ ከካሜራው ሳይወጣ ሁለተኛውን ብቻ አውጥተው ያሳያሉ፤ የአንድ ቤተሰብ የማይደገም ቀን በእጅዎ ነውና ይህ ልምድ ሊቀልልዎት አይገባም።

ገመድ አልባውም አለ። የካኖን ካሜራ ኮኔክት፣ የኒኮን ስናፕብሪጅና የሶኒ መተግበሪያ ካሜራው በሚፈጥረው ዋይፋይ ስለሚሠሩ ኢንተርኔት አይጠይቁም። ጥቂት ፎቶ ለማሳየት መልካም ናቸው፤ መቶ ፎቶ ለማስተላለፍ ግን ቀርፋፋ ናቸው፣ ብዙ ስልክ ባለበት አዳራሽ ደግሞ ይባስ ይዘገያሉ። በቴሌግራም ከስልክ ወደ ታብሌት የሚልኩ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ፤ እንደ ፎቶ የተላከው ተጨምቆ ጥራቱ ይቀንሳል።

ቤት ስሞክረው የጠራው ፎቶ ደንበኛው ቤት ለምን ደበዘዘ?

ታብሌቱ ውስጥ ስለሌለ ነው። አይክላውድም ሆነ ጉግል ፎቶ ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ ዋናውን ፋይል ኢንተርኔት ላይ አስቀምጠው ትንሹን ቅጂ ብቻ መሣሪያው ላይ ይተዋሉ፤ ዳታ በሌለበት ሲከፈት የሚታየው ትንሹ ነው። የቦታ መቆጠቢያውን ያጥፉ፣ ከቤት ሳይወጡ ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርገው ሁሉንም ፎቶ አንድ ጊዜ ያገላብጡ።

ደንበኛው ቤት ባለው ቴሌቪዥን ላይ ባሳይ አይሻልም?

ቤተሰቡ ብዙ ሲሆን ይሻላል፤ መሣሪያው ግን ምስል የሚያወጣ ታይፕ ሲ ሊኖረው ይገባል። የብዙ ርካሽ ታብሌቶች ታይፕ ሲ ቻርጅና ፋይል ብቻ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ማገናኛውን ይዘው ሄደው ሱቁ ውስጥ ቴሌቪዥን ላይ ይሞክሩት። ገመድ አልባ ማስተላለፍ ብዙ ጊዜ የቤቱን ዋይፋይ ስለሚፈልግ የኤችዲኤምአይ ገመድ ከቦርሳዎ አይለይ።

ቴሌቪዥኑ ራሱ የተስተካከለ አይደለም። ብዙ ጊዜ ቪቪድ ወይም ዳይናሚክ ላይ ስለሚገኝ፣ ባለቤቱን አስፈቅደው ወደ ሲኒማ ወይም ሙቪ ይለውጡት፤ ሲጨርሱም ወደነበረበት ይመልሱለት። የፎቶው ዳር ተቆርጦ የሚታይ ከሆነ ከምስል መጠን ምርጫው ውስጥ ሙሉውን የሚያሳየውን ይፈልጉ፤ ዳር የቆሙት ሚዜዎች ከፎቶው እንደወጡ መስሏቸው ቅር የሚላቸው ዘመዶች አጋጥመውኛል።

ደንበኛው ታብሌቱን ሲያገላብጥ የሌላ ሰው ፎቶ ውስጥ ቢገባስ?

ይህ ከሁሉ በላይ ሊያሳስብዎት ይገባል። አንዲት ሙሽሪት በቤቷ ለብሳ ስትዘጋጅ የተነሳችው ፎቶ በማታውቀው ቤተሰብ ሳሎን መታየት የለበትም። በአይፓድ ጋይድድ አክሰስ፣ በአንድሮይድ አፕ ፒኒንግ የሚባሉት ተጠቃሚው ከተከፈተው መተግበሪያ እንዳይወጣ ይቆልፋሉ። ነገር ግን የሚቆልፉት መተግበሪያውን እንጂ አልበሙን አይደለም፤ በዚያው የፎቶ መተግበሪያ ውስጥ ያለ ሌላ አልበም ክፍት ነው። ስለዚህ ትክክለኛው መፍትሔ ለማሳያ ብቻ የሚያገለግል ታብሌት መያዝና በላዩ ላይ የዚያን ዕለት ደንበኛ ፎቶና ባለቤቶቹ ፈቅደው የሰጧቸውን የናሙና ፎቶዎች ብቻ መጫን ነው። ያጠፏቸው ፎቶዎች ለ30 ቀን ያህል «በቅርብ የጠፉ» በሚለው ማህደር ውስጥ እንደሚቆዩም አይርሱ፤ እሱንም ባዶ ያድርጉት።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይደነግጋል። ሳሎን አደባባይ አይደለም ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል፤ ሆኖም ናሙና አድርገው የሚያሳዩአቸውን ፎቶዎች በተመለከተ በውሉ ላይ አንድ መስመር የፈቃድ ቃል አስገብተው ማስፈረም ለሁሉም ወገን ክብር ነው።

ደንበኛው ያልተስተካከለውን ፎቶ «አሁኑኑ አሳየኝ» ሲልስ?

ያሳዩት፣ ግን መርጠው። ካሜራው ላይ የሚጻፈው ጄፔግ እንዴት እንደሚመስል የሚወስነው በካሜራው ውስጥ የመረጡት የቀለም ስልት ነው፤ ሮው የሚያነሳ ሰው ብዙ ጊዜ ለዚህ ግድ የለውም። በቦታው ለማሳየት የሚያስብ ሰው ግን የቆዳ ቀለምን የሚያሳምረውን ስልትና ትክክለኛውን የነጭ ሚዛን አስቀድሞ ማስተካከል አለበት። ታብሌቱን ከመስጠትዎ በፊት ዓይን የተጨፈነባቸውንና የደበዘዙትን አውጥተው ከ10 እስከ 15 የሚሆኑትን ብቻ ያቅርቡ።

ታብሌቱ ላይ ያማረው ፎቶ አልበሙ ላይ ሲታተም ለምን ጠቆረ?

ታብሌት ራሱ ብርሃን ያመነጫል፣ ወረቀት ግን በላዩ የወደቀውን ብቻ ይመልሳል። ለኅትመት የሚያስተካክሉ ባለሙያዎች ኮምፒውተራቸውን ከ80 እስከ 120 ኒት ባለው ድምቀት ላይ ያደርጋሉ፤ ሙሉ ድምቀት ላይ ያለ ታብሌት ከዚህ አራት አምስት እጥፍ ይበልጣል። አንድ ጊዜ የመልስ ፎቶዎችን በሙሉ ድምቀት አሳይቼ፣ ቤተሰቡ እየተደሰተ መርጦ፣ አልበሙ ሲደርስ እናትየው ወደ መስኮቱ ይዘውት ሄደው ገጹን ወደ ብርሃን አዘንብለው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ ያን ቀን ያየነው ይህን ነበር?» አሉኝ። አታሚው ጥፋት አልነበረበትም፤ ጥፋቱ እኔ ያሳየሁበት ድምቀት ነበር። አልበሙን በራሴ ወጪ አሳተምኩት።

ከዚያ በኋላ የማደርገውን ልንገርዎት። የተለያየ ብርሃን ያለባቸውን 10 ፎቶዎች ዘወትር በሚያሳትሙበት ቤት ያሳትሙ። የስክሪኑን ቀለም በራሳቸው የሚለውጡትን፣ ማለትም በአይፓድ ትሩ ቶንንና ናይት ሺፍትን፣ በአንድሮይድ የዓይን ምቾት የሚባለውን፣ በራሱ ድምቀት የሚለዋውጠውንም አሠራር ያጥፉ። ከዚያ ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት መስኮት አጠገብ ወረቀቶቹን ከታብሌቱ ጎን አድርገው፣ ሁለቱ እስኪቀራረቡ ድረስ ድምቀቱን ይቀንሱና መጠኑን ይመዝግቡ። ብዙውን ጊዜ ከግማሽ በታች ይሆናል። የአልበም ምርጫ ሁልጊዜ በዚያ መጠን ላይ ይከናወን፤ ሙሉ ድምቀት ለውጪ ብቻ ይቆይ። ፎቶዎቹንም ከላይትሩም ሲያወጡ ኤስ አር ጂ ቢ በሚባለው የቀለም ክልል ያውጧቸው፤ አዶቤ አር ጂ ቢ በሚባለው ሰፋ ያለ ክልል የወጣው ፋይል አንዳንድ መተግበሪያ ላይ ደብዝዞ ይታያል።

ታብሌቱ ምንም ያህል ቢስተካከል የወረቀቱን ስሜት አይሰጥምና፣ በዚያው ቤት የታተመ አንድ የናሙና አልበም አብረው ይያዙ። ደንበኛው ከታብሌቱ ላይ ከመምረጡ በፊት ያንኑ ፎቶ በሁለቱም ላይ፣ አንድ ጊዜ በስክሪኑ አንድ ጊዜ በገጹ ላይ እንዲያየው ያድርጉ፤ በዚያ ጊዜ ለኅትመት ምን እንደሚጠብቅ ያውቃል፣ እርስዎም የትኛው ፎቶ ትንሽ ማብራት እንደሚያስፈልገው ከእሱ ጋር ይስማማሉ።